በሚናወጥ አየር ውስጥ የሚያልፍ አውሮፕላን ዶፕለር ለውጥን ከድምፁ መገመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንመልሰው ስለ አንድ የተወሰነ ጉዳይ ነው። ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ፍጥነቱንና ከፍታውን ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ማይክሮፎን ድምፁን ይቀርጻል፤ ከቅጂው የአውሮፕላኑን ፍጥነትና ርቀት እናሰላለን። መሠረቱ ዶፕለር ለውጥ ነው፦ አውሮፕላኑ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ርቆ ሲሄድ ይወፍራል። በመካከል ያለው የአየር መናወጥ (ተርቡለንስ) ስሌቱን የት ላይ እንደሚጎዳና የት ላይ እንደማይነካው መለየት ደግሞ ዋናው ሥራ ነው።

ለቀመሮቹ የምንጠቀምባቸው ፊደላት እነዚህ ናቸው፦ ነ ፕሮፔለሩ ራሱ የሚያወጣው ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ)፣ ድ ማይክሮፎኑ ጋ የሚደርሰው ድግግሞሽ፣ ፍ የአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ ሐ ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት፣ ከ አውሮፕላኑ ለማይክሮፎኑ በጣም ሲቀርብ ያለው ርቀት፣ ጊ ጊዜ።

ከአንድ ማይክሮፎን ቅጂ ምን ምን ማወቅ ይቻላል?

አራት ነገር፦ የፕሮፔለሩ ድግግሞሽ፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በጣም ሲቀርብ የነበረው ርቀት፣ እና በትክክል የቀረበበት ቅጽበት። አቅጣጫ ግን አይታወቅም። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም ይሂድ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አንድ ማይክሮፎን ላይ የሚታየው መስመር (ድግግሞሹ ከጊዜ ጋር የሚሄድበት) አንድ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነጥብ «ከ» ከፍታ አለመሆኑ ነው። አውሮፕላኑ በአናታችሁ ላይ ካላለፈ «ከ» የሰያፍ ርቀት ነው። ወደ ጎን የራቀበትን ርቀት ከካርታ ላይ ካገኛችሁ፣ ከፍታው በፓይታጎረስ ይወጣል።

ለምን ፕሮፔለር? ጄት አይሆንም?

ዶፕለርን ለመከተል ቁልጭ ያለ ጠባብ ድምፅ ያስፈልጋል። የጄት ድምፅ አብዛኛው ሰፊ ጫጫታ ስለሆነ የሚከተሉት ቁልጭ ያለ መስመር ብዙ ጊዜ አይገኝበትም። የፕሮፔለር ድምፅ ግን የምላጮቹ ብዛት ሲባዛ በደቂቃ ዙር ሲካፈል በ60 በሚሆን ድግግሞሽ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ብዜቶቹ (ሃርሞኒኮቹ) ይደረደራሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራ የሚያበራቸው ዳሽ 8-400 አውሮፕላኖች ስድስት ምላጭ ያለው ፕሮፔለር አላቸው። በደቂቃ 1,020 ዙር ሲነሡ 102 ኸርዝ፣ 850 ዙር ላይ ሲረጋጉ 85 ኸርዝ ይሰጣሉ። ሁለት ምላጭ ያለው ሴስና 172 በ2,400 ዙር 80 ኸርዝ ነው። የሴስናው ሞተር አራት ሲሊንደር ስላለው የሞተሩ ተኩስም እዚያው 80 ኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ አንዱን መስመር ከሌላው ለመለየት አትድከሙ።

ፍጥነቱን የሚጠብቅ ፕሮፔለር ዙሩን በራሱ ስለሚቆጣጠር ነ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ቋሚ ነው ብሎ መነሣት ያስኬዳል። ሁለት ሞተር ሲሆን ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዱ በ850፣ ሌላው በ853 ዙር ቢሄድ በስድስት ምላጭ የ0.3 ኸርዝ ልዩነት ይፈጠራል፤ ድምፁ በየ3.3 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ከአየር መናወጥ ጋር ማምታታት በጣም ቀላል ነው። መለያው፦ የሁለት ፕሮፔለር ትርታ እኩል በሆነ ልዩነት ይመላለሳል፣ በሁለተኛው ብዜት ላይም እጥፍ ይፈጥናል። የአየር መናወጥ ልክ የለውም።

ቀመሩ ምንድን ነው?

ድ = ነ × ሐ² ÷ (ሐ² − ፍ²) × [1 − (ፍ ÷ ሐ) × ጊ ÷ √(ጊ² + ወ²)]

እዚህ ወ = ከ × √(ሐ² − ፍ²) ÷ (ሐ × ፍ) ሲሆን፣ ጊ ዜሮ የሚሆነው አውሮፕላኑ በእውነት በጣም በቀረበበት ቅጽበት ነው። ድምፁ ከዚያ ቦታ ተነሥቶ እስኪደርስ ያለው መዘግየት ቀመሩ ውስጥ ገብቷል፤ ለብቻው አትጨምሩት።

ከዚህ ቀመር ሦስት የሚጠቅሙ ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ገና ሩቅ ሆኖ ሲመጣ ድግግሞሹ ወደ ነ × ሐ ÷ (ሐ − ፍ)፣ ርቆ ሲሄድ ደግሞ ወደ ነ × ሐ ÷ (ሐ + ፍ) ይጠጋል። የመጀመሪያውን መ፣ የሁለተኛውን ሂ ብንላቸው፣ ፍ = ሐ × (መ − ሂ) ÷ (መ + ሂ)፣ ነ = 2 × መ × ሂ ÷ (መ + ሂ) ይሆናል። ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ በጣም በቀረበበት ቅጽበት የሚሰማው ድግግሞሽ ነ ሳይሆን የመ እና የሂ አማካይ ነው። ነ ራሱ የሚሰማው ድምፁ ከዚያ ቦታ ሲደርስ፣ ማለትም ከ ÷ ሐ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ሦስተኛ፣ መስመሩ በጣም ቁልቁል የሚወርደው በዚያው ጊ ዜሮ ላይ ነው፤ የቁልቁለቱ መጠን በሰከንድ ነ × ሐ² × ፍ² ÷ (ከ × (ሐ² − ፍ²)^1.5) ኸርዝ ነው። ርቀቱን የሚነግራችሁ ይህ ቁልቁለት ነው፦ ቅርብ ያለፈ አውሮፕላን ድምፁ በድንገት ይወርዳል፣ ሩቅ ያለፈው ቀስ ብሎ።

በቁጥር ብታሳዩን?

የሙቀት መጠን 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ሐ 341 ሜትር በሰከንድ ነው። ነ 85 ኸርዝ፣ ፍ 100 ሜትር በሰከንድ፣ ከ 600 ሜትር ይሁኑ። መ 120.27፣ ሂ 65.73፣ አማካያቸው 93.00 ኸርዝ ይሆናል። ወ 5.74 ሰከንድ ነው። በጣም ቁልቁል የሆነው ቦታ በሰከንድ 4.75 ኸርዝ ይወርዳል። ድምፁ ከአናት እስኪደርስ 1.76 ሰከንድ ይፈጃል። ከዚህ በታች ሁሉ የምንመላለሰው በዚህ ምሳሌ ነው።

ሁለቱን ጫፎች አንብቤ ፍጥነቱን አሰላሁ፤ ለምን አነሰ?

ጫፎቹ ጋ ስላልደረሳችሁ ነው። በምሳሌያችን ከመቅረቡ 15 ሰከንድ በፊትና 15 ሰከንድ በኋላ ያለውን ብታነቡ 118.47 እና 67.53 ኸርዝ ታገኛላችሁ። ከዚህ የሚወጣው ፍጥነት 93.4 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ወደ 7 በመቶ ያንሳል። ስህተቱ ወደ ርቀቱም ይሻገራል፦ 600 መሆን የነበረበት 520 ሜትር ይሆናል። ግማሽ ደቂቃ ርቃችሁ ብታነቡ እንኳ ግማሽ ኸርዝ ገደማ ይቀራል፤ በዚያ ርቀት ላይ ደግሞ ድምፁ በጣም ደክሞ ስለሚመጣ ንባቡ ራሱ አያስተማምንም። መፍትሔው ጫፎቹን ለመነሻ ግምት ብቻ ተጠቅሞ ቀመሩን በሙሉ ከመስመሩ ጋር ማስማማት ነው።

ነፋስ ድግግሞሹን ይቀይረዋል?

ምንጩም ማይክሮፎኑም ቆመው ከሆነ፣ የማይለዋወጥ ነፋስ ምንም ያህል ቢበረታ ድግግሞሹን አይቀይርም። ድምፁ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል እንጂ በሰከንድ የሚደርሱት ሞገዶች ብዛት ከሚነሡት ጋር እኩል ነው። ይህን ደጋግመን የምንናገረው ብዙ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ነው።

ምንጩ ሲንቀሳቀስ ነፋሱ ድምፁ የሚጓዝበትን ፍጥነት ስለሚቀይር በተዘዋዋሪ ይገባል። በምሳሌያችን አውሮፕላኑን ከኋላ የሚገፋ 10 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ቢኖርና ረስታችሁት ብታሰሉ፣ መ 118.86፣ ሂ 65.28 ይሆናል። የምታገኙት ፍጥነት 99.2፣ የምታገኙት ነ 84.3 ነው። ሁለቱም ከ1 በመቶ ያነሰ ስህተት ነው። ልብ በሉ፦ ፍ የሚቀርበው ከመሬት አንጻር ላለው ፍጥነት እንጂ አብራሪው በመሣሪያው ላይ ለሚያየው የአየር ፍጥነት አይደለም።

ታዲያ መናወጡ ምን ያደርጋል?

መናወጥ ማለት ነፋሱና ሙቀቱ ከቦታ ቦታ፣ ከቅጽበት ቅጽበት መለዋወጣቸው ነው። የ1 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት የድምፅን ፍጥነት በ0.6 ሜትር በሰከንድ ይቀይራል፤ በድምፁ መንገድ አቅጣጫ የሚነፍስ የ1 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ደግሞ ሙሉ 1 ሜትር በሰከንድ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው የነፋሱ መለዋወጥ ነው። ድምፁ በመንገዱ ላይ አንዱን አዙሪት በፍጥነት፣ ሌላውን በዝግታ ያልፋል፤ የመድረሻ ጊዜውም ይዋልላል። ድግግሞሽን የሚቀይረው ግን የመድረሻ ጊዜው መዘግየት ሳይሆን መዘግየቱ በየሰከንዱ የሚቀያየርበት ፍጥነት ነው፦ የድግግሞሹ ለውጥ በግምት ነ ሲባዛ የመዘግየቱ የለውጥ ፍጥነት ነው፣ መዘግየቱ ሲጨምር ድግግሞሹ ይወርዳል።

መጠኑን እንገምት። የነፋሱ መለዋወጥ 1 ሜትር በሰከንድ፣ የአዙሪቶቹ መጠን 50 ሜትር፣ መንገዱ 600 ሜትር ይሁን። የመድረሻ ጊዜው ውልውል የሚገመተው የነፋሱን መለዋወጥ በሐ² አካፍሎ፣ በ√(2 × የአዙሪት መጠን × የመንገድ ርዝመት) በማባዛት ነው፤ 2.1 ሚሊሰከንድ ይወጣል። ምንጩ ቆሞ ቢሆንና አዙሪቶቹ በ5 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ተነድተው ቢያልፉ፣ አንድ አዙሪት ለማለፍ 10 ሰከንድ ይወስዳል፤ የድግግሞሹ ውልውል 0.02 ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው። አውሮፕላን ሲሆን ግን ከአውሮፕላኑ እስከ ማይክሮፎኑ ያለው መስመር ራሱ አዙሪቶቹን እየጠረገ ያልፋል። በመንገዱ አጋማሽ ላይ ይህ መስመር በ50 ሜትር በሰከንድ ይንቀሳቀሳል፤ 50 ሜትሩን አዙሪት በ1 ሰከንድ ይሻገራል። ያው አየር፣ ያው መናወጥ፣ የድግግሞሹ ውልውል ግን አሥር እጥፍ፦ 0.18 ኸርዝ ገደማ።

0.18 ኸርዝ በ85 ላይ 0.2 በመቶ ነው፣ ከፍጥነት አንጻር ወደ 0.7 ሜትር በሰከንድ። በየሰከንዱ አዲስ አዙሪት ስለሚመጣ በ30 ሰከንድ ቅጂ ውስጥ ወደ 30 የሚሆኑ ነጻ ንባቦች አሉ፤ አማካዩ ወደ 0.03 ኸርዝ ይወርዳል። በዚህ ሚዛን መናወጡ የሚያስፈራ አይደለም። ጉዳቱ ያለው በሚቀጥለው ጥያቄ ውስጥ ነው።

መስመሩ ድንገት በ3 ወይም በ5 ኸርዝ ይዘላል፤ ይህም ዶፕለር ነው?

አይደለም፤ ይህ የድምፁ መክሰም ነው። የተናወጠ አየር ድምፁን ይበትነዋል፤ ማይክሮፎኑ ጋ በተለያየ መንገድ የመጡ ሞገዶች ይደመራሉ። አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። ሲጠፋፉ የድምፁ ጉልበት ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ በዚያች ቅጽበት ፌዙ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ቦታ) በአንዴ እስከ ግማሽ ዑደት ሊዞር ይችላል። ፕሮግራማችሁ ፌዙ የሚዞርበትን ፍጥነት ድግግሞሽ ብሎ ስለሚያነብ ትልቅ ዝላይ ያሳያችኋል። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም፣ አየሩም በዚያ ፍጥነት አልነፈሰም።

መበተኑ ሙሉ ሲሆን የድምፁ ጉልበት የሚከተለው ሥርጭት የታወቀ ነው፦ ከጊዜው 9.5 በመቶው ጉልበቱ ከአማካዩ አንድ አሥረኛ በታች ይሆናል። ከአሥር ንባብ አንዱ ማለት ይቻላል በ10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ የደከመ ነው ማለት ነው። እነዚህን ደካማ ንባቦች ከጠንካሮቹ እኩል ቆጥሮ ተራ አማካይ መውሰድ በዚህ ሥራ ላይ ከሚታዩት ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ንባብ በጉልበቱ መዝኑት። ቀላሉ መንገድ የአጭር ጊዜ ራስ-ትስስር (ኦቶኮሪሌሽን) ነው፦ ድምፁን በጠባብ ማጣሪያ አልፋችሁ ውስብስብ ሲግናል (እውናዊና ሃሳባዊ ክፍል ያለው) ካደረጋችሁት በኋላ እያንዳንዱን ናሙና ጥቂት ቆይቶ በሚመጣው ላይ አባዙት (የመጀመሪያውን በኮንጁጌት፣ ማለትም የሃሳባዊ ክፍሉን ምልክት ገልብጣችሁ)፣ ደምሩ፣ የድምሩን ፌዝ ለ(2π × ቆይታው) አካፍሉ። የደከሙት ቅጽበቶች ድምሩ ውስጥ ክብደት ስለሌላቸው ዝላዩ በራሱ ይጠፋል።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ሁለተኛውን ብዜት ተመልከቱ። ድግግሞሹን ለ2 አካፍላችሁ ከመሠረታዊው ጋር ደርቡት። ጉብታው በሁለቱም ላይ በእኩል መጠን ከታየ የመድረሻ ጊዜ ለውጥ ወይም የፕሮፔለር ዙር ለውጥ ነው። በአንዱ ብቻ ከታየ መክሰም ነው፣ ጣሉት። ዙርን ከአየር ለመለየት ደግሞ ከመጀመሪያው ብዙ አሥር ሜትሮች ርቆ የተቀመጠ ሁለተኛ ማይክሮፎን ያስፈልጋል። የዙር ለውጥ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣል፣ የአየሩ ግን ይለያያል።

ማይክሮፎኑን የት ላስቀምጥ?

መሬት ላይ፣ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ። በእንጨት ወይም በብረት መቆሚያ በ1.2 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ማይክሮፎን ቀጥታ የመጣውንም ከመሬት የነጠረውንም ድምፅ ይቀበላል። ጠንካራ መሬት ላይ አውሮፕላኑ በአናት ሲሆን የሁለቱ መንገድ ልዩነት 2.4 ሜትር ነው፤ 71 ኸርዝ ላይ ይጠፋፋሉ። 93 ኸርዝ ላይ ደግሞ የሚጠፋፉት አውሮፕላኑ ከአድማስ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን ነው። ይህ ሁሉ የሚወድቀው ልክ በፕሮፔለር ድምፅ መካከል፣ መስመሩ ቁልቁል በሚወርድበት ሰዓት ነው። ሰዎች መናወጥ ነው ብለው የሚያማርሩት መክሰም አንዳንዴ የመሬቱ ነጸብራቅ ነው።

ለቀላል ፕሮፔለር አውሮፕላኖች የጫጫታ ፈቃድ ልኬት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት ያስቀመጠው አሠራር ለዚህም ይሠራል፦ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ነጭ የተቀባ ክብ የብረት ሰሌዳ፣ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት፤ ማይክሮፎኑ ተገልብጦ ፊቱ ከሰሌዳው 7 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቦታው የሰሌዳው መሃል ሳይሆን ከመሃል ወደ ጠርዝ በሚሄደው መስመር ሦስት አራተኛ ላይ ነው። ሰሌዳው ከሥሩ ክፍተት እንዳይኖረው መሬቱን ደልድሉት፤ ክፍተት ካለ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከላይ ግማሽ ሉል የሆነ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ አልብሱት። የነፋስ ጉርምርምታ የሚበዛው ከ50 ኸርዝ በታች ስለሆነ ከመሠረታዊው ድምፅ ይልቅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ብዜት ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በስልክ መቅረጽ ይበቃል?

ለድግግሞሽ ሥራ ሊበቃ ይችላል፣ ሁለት ነገር ካስተካከላችሁ። የድምፅ ማስተካከያውን (በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) እና ጫጫታ ማጥፊያውን የሚያዘጋ የመቅረጫ መተግበሪያ ተጠቀሙ። ጫጫታ ማጥፊያው የፕሮፔለርን ያልተቋረጠ ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ፋይሉ ያልተጨመቀ ዋቭ ይሁን፤ በሰከንድ 8,000 ናሙና ይበቃል። የስልኩ የናሙና ሰዓት ትንሽ ቢሳሳት አትጨነቁ፦ ከሚሊዮን 50 ስህተት በ85 ኸርዝ ላይ 0.004 ኸርዝ ነው። ብዙ ስልኮች ዝቅተኛ ድምፅ ስለሚቆርጡ ግን መሠረታዊው ላይታይ ይችላል፤ በብዜቶቹ ሥሩ።

የትንተና መስኮቱ ስንት ሰከንድ ይሁን?

ረጅም መስኮት ድግግሞሽን በጥራት ይለያል፤ ድግግሞሹ በዚያ መስኮት ውስጥ ከሮጠ ግን ይደበዝዛል። ሁለቱ የሚታረቁት መስኮቱ 1 ÷ √ቁልቁለት ሲሆን ነው። በምሳሌያችን 1 ÷ √4.75፣ ማለትም 0.46 ሰከንድ። ሦስተኛውን ብዜት ስትከተሉ ቁልቁለቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ መስኮቱ ወደ 0.26 ሰከንድ ይጠባል። ጫፎቹ ላይ መስመሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ እስከ 1 ሰከንድ ማርዘም ትችላላችሁ። ከፍ ያለ ብዜት መምረጥ ትርፍ አለው፣ የዶፕለሩ ለውጥም በዚያው ልክ ስለሚባዛ። ነገር ግን የፌዙ ውልውልም ይባዛል፦ 2.1 ሚሊሰከንድ በ85 ኸርዝ 64 ዲግሪ ነው፣ በ340 ኸርዝ ከ250 ዲግሪ ይበልጣል። በዚያ ደረጃ መክሰሙ ይበረታል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ብዜቶች አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው።

ስሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ልሥራ?

መጀመሪያ ስፔክትሮግራሙን (ድግግሞሽን ከጊዜ ጋር የሚያሳየውን ሥዕል) ሠርታችሁ በዓይናችሁ እዩት። መስመሮቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚወርዱ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ከጥሩው ብዜት በየ0.1 ሰከንዱ ድግግሞሽና ጉልበት አውጡ። ከጫፎቹ ፍ እና ነን፣ በጣም ቁልቁል ከሆነው ቦታ «ከ»ንና ጊ ዜሮን ገምቱ። እነዚህን አራቱን መነሻ አድርጋችሁ ቀመሩን በትንሹ ካሬ ዘዴ (የስህተቶቹን ካሬ ድምር በሚያሳንስ) አስማሙ፤ በፓይተን ፕሮግራም ለሚጽፍ ሳይፓይ በተባለው የስሌት ጥቅል ውስጥ ያለው ማስማሚያ ይበቃል። ክብደቱ ጉልበቱ ይሁን፤ ለዝላዮች ደግሞ ስህተቱን በካሬ የማያበዛ፣ ሲርቅ ለስለስ የሚል መመዘኛ ምረጡ። ሲያልቅ ቅሪቱን (ከተነበበው ላይ የተሰላውን ቀንሳችሁ) ሣሉ። ቅሪቱ በዜሮ ዙሪያ ከተወላወለ መናወጡ ነው። በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ የተጣመመ ቅርጽ ካለው ግን አውሮፕላኑ እየወጣ፣ እየወረደ፣ እየታጠፈ ወይም ፍጥነት እየቀየረ ነበር። ያንን ቅጂ ለዚህ ቀመር አትጠቀሙበት።

አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች የድምፅ ፍጥነት ይለያል?

ከፍታው ራሱ አይቀይረውም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በአየር ግፊት አይደለም፤ 331.3 ላይ 0.606 ሲባዛ በዲግሪ ሴልሺየስ ደምሩ። ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ከባሕር ጠለል በላይ ብትሆንም በ16 ዲግሪ ሐ ያው 341 ነው። ፍ ከሐ ጋር በቀጥታ ስለሚባዛ ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ብትስቱ ፍጥነቱ በ1.8 በመቶ ይሳሳታል። በፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቴርሞሜትር ይህን ስህተት በቀላሉ ይፈጥራል፤ ጥላ ውስጥ ለኩ።

የበረራ መከታተያው ከሚያሳየው ጋር አይገጥምም፤ የቱ ነው ትክክል?

ኤዲኤስ-ቢ (አውሮፕላኑ ቦታውንና ፍጥነቱን በራዲዮ የሚናገርበት ሥርዓት) የሚያሰራጨው ከፍታ በመደበኛ ግፊት ላይ የተመሠረተ እንጂ ከማይክሮፎናችሁ በላይ ያለው ከፍታ አይደለም። ከቦሌ መሬት 600 ሜትር ከፍ ያለ አውሮፕላን ከ9,000 ጫማ በላይ ሊታይ ይችላል፣ እንደ ቀኑ ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል። የሚያሰራጨው ፍጥነት ግን ከመሬት አንጻር ስለሆነ ለማነጻጸር ይመቻል። በሰዓት አቆጣጠር የግማሽ ሰከንድ ልዩነት ካለ ቦታው በ50 ሜትር ይዛባል፤ መከታተያዎች መረጃውን ዘግይተው ስለሚያሳዩ ስክሪኑ ላይ የታየበትን ሰዓት አትውሰዱ።

የአየሩ ንብርብር ድምፁን ያጥፈዋል፤ ቀመሩ ይፈርሳል?

አውሮፕላኑ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ ሳለ አዎ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። እዚህ ላይ ግን የሚያምር ነገር አለ። አየሩ በአግድም ንብርብሮች ብቻ የሚለያይ ከሆነ፣ ሞገዱ መሬት ላይ በአግድም የሚሮጥበት ፍጥነት ከላይ እስከ ታች አይቀየርም። ሦስት ማይክሮፎኖችን በሦስት ማዕዘን፣ በመካከላቸው ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ ርቀት አድርጋችሁ ብታስቀምጡ፣ የመድረሻ ጊዜ ልዩነታቸው ይህን አግድም ሩጫ በቀጥታ ይሰጣችኋል። ከዚያ ነ = ድ × (1 − ፍ × በአውሮፕላኑ አቅጣጫ ያለው የሩጫው ግልባጭ)። ግልባጩ አንድ ሜትር ለመሄድ የሚወስደው ሰከንድ ነው። ድን በግልባጩ አንጻር ስትስሉ ፍ እና ነ ይወጣሉ፤ የሙቀቱንም የነፋሱንም ንብርብር ማወቅ አያስፈልጋችሁም። አቅጣጫውንም በተጨማሪ ታገኛላችሁ። ርቀቱ ከ1.7 ሜትር በላይ ከሆነ 100 ኸርዝ ላይ ግማሽ የሞገድ ርዝመት ስለሚያልፍ ፌዙ ለሁለት ትርጉም ይጋለጣል።

ለመቅረጽ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ መሬቱን አግላ አየሩን የምታንተከትክበት ነው፤ መክሰሙ ይበዛል። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት መናወጡ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ከሥር ቀዝቃዛ ከላይ ሞቃት አየር ስለሚኖር ዝቅ ብሎ የሚመጣ ድምፅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ሰማዩ በደመና የተሸፈነና ነፋሱ ቀላል የሆነበት ማንኛውም ሰዓት ከሁሉ ይሻላል።

ለድሮን ይሠራል?

ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ላይ አይሠራም። መቆጣጠሪያው ሚዛኑን የሚጠብቀው የአራቱን ሞተሮች ዙር በየቅጽበቱ ለየብቻ እየቀየረ ስለሆነ ነ ቋሚ አይደለም፤ በንፋሻማ ቀን ደግሞ ይብሳል።

ስህተቱን ስንት ብዬ ልጻፍ?

ማስማሚያው የሚሰጣችሁን ቁጥር እንዳለ አትጻፉ። በየ0.1 ሰከንዱ የወጡት ንባቦች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንድ አዙሪት አሥሩን በአንድ ላይ ይገፋቸዋል። ማስማሚያው ሁሉንም ነጻ አድርጎ ስለሚቆጥር ስህተቱን በሦስት እጥፍ ገደማ ያሳንሰዋል። ቅሪቱን በ2 ሰከንድ ቁራጮች ከፋፍሉት፣ ቁራጮቹን በዕጣ እየመረጣችሁ መልሳችሁ በተሰላው መስመር ላይ ደምሩ፣ 500 ጊዜ ያህል አስማሙ፤ የውጤቶቹ መበታተን የመናወጡ ስህተት ነው። የሐ ስህተት በዚህ ውስጥ የለም፤ ለእያንዳንዱ የ1 ዲግሪ ጥርጣሬ 0.18 በመቶ በፍጥነቱ ላይ ለብቻው ጻፉ።